መብራት ሲመለስ አብሮ የማይመለሰው የኅትመት ወረፋ

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ አስመጪ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የሂሳብና የንብረት ፕሮግራማችን ሶላሪስ 8 የተባለው የዩኒክስ ሥርዓት በተጫነበት አሮጌ የሰን ኩባንያ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ የዕቃ መውጫ ሰነዶች መጋዘን በሚገኘው የኔትወርክ ፕሪንተር ይታተማሉ። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ በዩፒኤስ (በመጠባበቂያ ባትሪ) ይቆያል፤ ፕሪንተሩ ግን ይጠፋል። መብራት ከመጣ በኋላ ፕሪንተሩ በደንብ ቢበራም ሰነዶቹ ወረፋው ላይ ይከማቻሉ እንጂ አይወጡም። እስካሁን ያለን መላ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ብቻ ነው። ይህን ስናደርግ ደግሞ አንዳንዱ ሰነድ ሁለት ጊዜ እየታተመ የመጋዘን ኃላፊውን ግራ ያጋባቸዋል። ሰርቨሩን ሳናጠፋ ወረፋውን ማስለቀቅ እንችላለን? የተከማቹትን ፋይሎች በእጅ ብንሰርዛቸውስ?

መልስ፦ ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሰነዱን ሁለት ጊዜ የሚያሳትምብዎ ራሱ ማጥፋትና ማስነሣቱ ሳይሆን አይቀርም። በሶላሪስ 8 የኅትመት ሥራዎችን ተቀብሎ በተራ የሚያስተናግደው ኤልፒሼድ የተባለው ፕሮግራም፣ አንድን ሥራ ጀምሮ ሳይጨርስ ከቆመ፣ እንደገና ሲነሣ ያንኑ ሥራ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ ሙሉ በሙሉ ያትመዋል። ወረቀቱ መጋዘን ውስጥ ቀድሞ ወጥቶ ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው ሥራው «ተጠናቀቀ» ተብሎ እንዳልተመዘገበ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወረፋው ሲቆም መጀመሪያ «ኤልፒስታት» የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝ ቲ ጋር ጽፈው መልሱን በጥሞና ያንብቡ። መልሱ ሦስት ነገር ይነግርዎታል፦ ኤልፒሼድ እየሠራ መሆኑን፣ ወረፋው አዲስ ሥራ እየተቀበለ መሆኑን፣ እና ፕሪንተሩ ለኅትመት ክፍት መሆኑን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። «አክሰፕት» እና «ሪጀክት» የሚባሉት ትእዛዞች ሥራ ወደ ወረፋው እንዲገባ ወይም እንዳይገባ የሚያደርጉ ሲሆኑ፣ «ኢኔብል» እና «ዲስኤብል» ደግሞ ከወረፋው ወደ ፕሪንተሩ መውጣቱን የሚፈቅዱ ወይም የሚያግዱ ናቸው። እርስዎ እንደጻፉልን ሰነዶቹ ወረፋው ላይ እየተከማቹ ስለሆነ መግቢያው ክፍት ነው፤ የተዘጋው መውጫው ነው ብለን እንገምታለን።

ለምን እንደሚዘጋም ግልጽ ነው። ወደ ፕሪንተሩ የሚልከው የመገናኛ ስክሪፕት መብራት በጠፋበት ቅጽበት ፕሪንተሩን ሲያጣው ከ128 በላይ የሆነ የስህተት ቁጥር ለኤልፒሼድ ይመልሳል፤ ይህም «ችግሩ የዚህ ሰነድ ብቻ አይደለም፣ ቀጣዮቹንም ይነካል» ማለት ነው። ፕሪንተሩ ሲመዘገብ ከብልሽት በኋላ አስተዳዳሪውን እንዲጠብቅ ተደርጎ ከሆነ፣ ኤልፒሼድ ፕሪንተሩን ራሱ ይዘጋዋል። መብራት መምጣቱ ይህን እገዳ አያነሣውም፤ ሰው መጥቶ «ኢኔብል» እስኪል ድረስ ወረፋው እንደቆመ ይቆያል።

ይሁን እንጂ ቸኩለው «ኢኔብል» እንዳይሉ እንመክራለን። መጀመሪያ ወደ መጋዘን ደውለው በመጨረሻ የወጣው ሰነድ ቁጥር ስንት እንደሆነና ሙሉ ሆኖ መውጣቱን ይጠይቁ። በወረፋው ራስ ላይ ያለው ሥራ ያው ሰነድ ከሆነ፣ ኤልፒስታት ያሳየዎትን የሥራ መለያ ወስደው በ«ካንስል» ይሰርዙት፤ ከዚያ በኋላ ፕሪንተሩን ይክፈቱ። ሰነዱ በከፊል ብቻ ወጥቶ ከሆነ ግን የወጣውን ወረቀት መጋዘኑ እንዲያስወግድ አድርገው ሥራው እንደገና ይታተም። ይህች የአንድ ደቂቃ የስልክ ጥሪ በእኛ ግምት ከየትኛውም ትእዛዝ ይልቅ ትጠቅምዎታለች።

በነገራችን ላይ የሚጠቀሙበት ሼል (ትእዛዝ የሚጽፉበት ፕሮግራም) ባሽ ከሆነ «ኢኔብል» ብለው ሲጽፉ እንግዳ የስህተት መልእክት ሊመጣብዎ ይችላል። ባሽ በዚሁ ስም የሚጠራ የራሱ ውስጣዊ ትእዛዝ ስላለው፣ የፕሪንተሩን ትእዛዝ ከነሙሉ አድራሻው፣ ማለትም ዩኤስአር ቢን ከሚለው ዳይሬክተሪ ጀምረው መጻፍ ይኖርብዎታል። ካፕስ የተባለው አዲሱ የኅትመት ሥርዓት የ«ኢኔብል» እና የ«ዲስኤብል»ን ስም የቀየረው በዚሁ ግጭት ምክንያት ነው።

ፕሪንተሩ ክፍት መሆኑ እየታየ ምንም ካልወጣ ወደ ኔትወርኩ ይሂዱ። ከሰርቨሩ ላይ ፕሪንተሩን ፒንግ ያድርጉ (በኔትወርኩ ይመልስ እንደሆነ ይፈትሹ)፤ ከመለሰ ደግሞ በቴልኔት ትእዛዝ 9100 በተባለው ፖርት (ፕሪንተሩ ሥራ በሚቀበልበት የኔትወርክ በር) መገናኘት ይችል እንደሆነ ይሞክሩ። ፒንግ ካልመለሰ፣ በመጋዘኑ ያለው ስዊች (የኔትወርክ ገመዶቹን የሚያገናኘው መሣሪያ) ሳይነሣ ቀርቶ ወይም የፕሪንተሩ የኔትወርክ ካርድ አድራሻውን ከዲኤችሲፒ (የኔትወርክ አድራሻ በራሱ ከሚያድለው አገልግሎት) የሚወስድ ሆኖ መብራት ሲመጣ ሌላ አድራሻ ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል፤ ሰርቨሩ የሚልከው ወደ አሮጌው አድራሻ ነውና ፕሪንተሩ በርቶ እየታየም ምንም አይደርሰውም። ከፕሪንተሩ የማስተካከያ ገጹን አሳትመው ሰርቨሩ ላይ ከተመዘገበው አድራሻ ጋር ያመሳክሩ፤ ከዚያም ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ ይስጡት። ፒንግ መልሶ ፖርቱ እምቢ ካለ ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ግንኙነቱን ይዞት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት መታገሥ ነው። በኤችፒ ጄትዳይሬክት የኔትወርክ ካርዶች ሥራ ፈት የሆነ ግንኙነት እስኪቋረጥ የተለመደው ገደብ 270 ሰከንድ ነው።

አልፎ አልፎ ደግሞ በወረፋው ራስ ላይ ያለ አንድ የተበላሸ ሥራ ሌሎቹን ሁሉ ያግዳል። «ኤልፒ» የሚለውን ትእዛዝ ከሥራው መለያ ጋር ተጠቅመው ያን አንዱን ብቻ ያቆዩትና ከኋላው ያሉት ይወጡ እንደሆነ ይመልከቱ።

ፋይሎቹን በእጅ ስለመሰረዝ ለጠየቁን፦ አይሰርዙ። ሶላሪስ ስለእያንዳንዱ ሥራ የሚይዘው መረጃ በቫር ስፑል ኤልፒ ሥር በተለያዩ ዳይሬክተሪዎች የተከፋፈለ ስለሆነ፣ አንዱን ሰርዘው ሌላውን ከተዉት ኤልፒሼድ የሌለ ሥራ ሲፈልግ ይገኛል። በዚያው ዳይሬክተሪ የሚገኘውን ሼድሎክ የተባለ ፋይል ብቻ መሰረዝ የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፤ እርሱም ኤልፒሼድ አልነሣም ሲልና በ«ፒኤስ» ትእዛዝ አንድም ኤልፒሼድ እየሠራ እንዳልሆነ ካረጋገጡ በኋላ ነው። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነም በ«ዲኤፍ» ያረጋግጡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ከተከማቹ ቦታ እያለ ኢኖድ (የፋይሎች መመዝገቢያ ቦታ) ሊያልቅ እንደሚችል አይዘንጉ።

ለዘለቄታው «ኤልፒአድሚን» በሚለው ትእዛዝ፣ ሰረዝና ትልቁን ኤፍ ጨምረው፣ ፕሪንተሩ ከብልሽት በኋላ ምን እንዲያደርግ መወሰን ይችላሉ፦ ካቆመበት ይቀጥል፣ ከመጀመሪያው ይጀምር፣ ወይም አስተዳዳሪውን ይጠብቅ። ለተራ ሪፖርት ከመጀመሪያው መጀመሩ ጉዳት የለውም። ተከታታይ ቁጥር ላለው የዕቃ መውጫ ሰነድ ግን፣ ቢያሰለችዎትም፣ መጠበቁ ይሻላል እንላለን፤ ወረፋው ሲቆም መልእክት እንዲደርስዎ የማስጠንቀቂያውን ምርጫም አብረው ይሙሉ። የመጋዘኑን ስዊች በአነስተኛ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ጥሩ ነው። ፕሪንተሩ ሌዘር ከሆነ ግን ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከፍተኛ ስለሆነ ከዚያው ዩፒኤስ ጋር አያገናኙት። ዶት ማትሪክስ ከሆነ ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ የእኛ አሮጌ ዩኒክስ ሰርቨር በኤልፒአር (ሥራን በኔትወርክ ወደ ፕሪንተር በመላኪያ ደንብ) በኩል በወር መጨረሻ በርካታ ትንንሽ ደረሰኞችን ያሳትማል። አሥር ያህል ፈጥነው ከወጡ በኋላ ወረፋው ለደቂቃዎች ይቆምና በራሱ ይቀጥላል። ፕሪንተሩ እያረጀ ይሆን?

መልስ፦ ፕሪንተሩን አይጠርጥሩት። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤልፒአር ደንብ፣ ላኪው ከ721 እስከ 731 ካሉት ፖርቶች በአንዱ ተነሥቶ በተቀባዩ በኩል ወደ 515 እንዲገናኝ ያዝዛል። ደንቡን ቃል በቃል የሚከተል ፕሮግራም ስለዚህ ያለው 11 መነሻ ፖርት ብቻ ነው። አንድ ግንኙነት ሲዘጋ ፖርቱ ወዲያው አይለቀቅም፤ እንደ ሥርዓቱ አቀማመጥ ከአንድ እስከ አራት ደቂቃ ተይዞ ይቆያል። ደረሰኞቹ ትንንሽ ስለሆኑ 11ዱ ፖርቶች በቅጽበት ያልቃሉ፤ 12ኛው ደረሰኝ የመጀመሪያው ፖርት እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ወረፋው በቆመበት ሰዓት «ኔትስታት» ብለው ቢያዩ እነዚህ ፖርቶች በሙሉ «ታይም ዌይት» ላይ ሆነው ያገኟቸዋል። መፍትሔው ደረሰኞቹን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ መላክ፣ ወይም ፕሪንተሩ የሚፈቅድ ከሆነ ወረፋውን ከኤልፒአር ወደ 9100 ፖርት ማዞር ነው።