ከጨረር ሕክምና በኋላ ጥርስ ስለ መንቀል

አባትዎ ለምላስ ካንሰር የጨረር ሕክምና ከወሰዱ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው ገልጸው፣ የታመመ የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ይነቀል እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ ቸኩለው አያስነቅሉ። ጨረር የአጥንቱን ደም ሥሮች ስለሚጎዳ፣ በተለይ መንጋጋው ከ60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በላይ ከተቀበለ፣ የተነቀለበት ቦታ ሳይሽር ቀርቶ አጥንቱ ሊሞትና በድዱ መካከል ገጥጦ ሊታይ ይችላል፤ ይህ ሥጋት ዓመታት ስላለፉ ብቻ አይጠፋም። የጥርስ ሐኪሙ የጨረሩን መጠንና ያረፈበትን ቦታ ከካንሰር ሐኪማቸው ጠይቆ ይረዳ፤ የሚቻል ከሆነም ሥሩን አክሞ ጥርሱን ማቆየት ይመረጣል።

ደረቅ ምግብ ያለ ውኃ አልዋጥ የሚላቸው ከሆነ፣ የምራቅ ዕጢዎቻቸው ተጎድተው ሊሆን ይችላል። ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ከድዱ ጠርዝ ጀምሮ ዙሪያውን በፍጥነት ስለሚበሰብስ፣ ፍሎራይዱ ከፍ ያለ የጥርስ ሳሙና እንዲታዘዝላቸው ይጠይቁ።