ፎቶዬን ሳይጠይቁኝ ለጠፉት፤ መብት የለኝም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። ለምርቃቴ አንድ ፎቶ ቤት ገብቼ ተነሳሁ። ከሳምንት በኋላ ጓደኛዬ ስልኳን ዘርግታ "ይቺ አንቺ አይደለሽ?" አለችኝ። ጋዋን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ከነስሜ ቴሌግራም ቻናላቸው ላይ ተለጥፏል! አጥፉልኝ ስላቸው "ማስታወቂያ ነው፣ ምን አለበት?" አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መብት አለሽ እህቴ፣ ያውም የቆየ መብት። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ ይከለክላል። ያኔ ቴሌግራም አልነበረም፣ ነገሩ ግን ያው ነው። አሁን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለልን። ስምሽም ፎቶሽም የግል ዳታሽ ናቸው፤ ለፎቶ ከፈልሽ ማለት ለማስታወቂያ ፈቀድሽ ማለት አይደለም፣ ፈቅደሽ ቢሆን እንኳ ሐሳብሽን ቀይረሽ ፈቃድሽን ማንሳትና ይጥፋልኝ ማለት ትችያለሽ። "ምን አለበት" የሚለው መልስ በጣም ያናድዳል፤ ምን እንዳለበት የምታውቂው አንቺ ነሽ።

መጀመሪያ ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ፣ ሳያጠፉት በፊት። ከዚያ ጥያቄሽን በጽሑፍ ስጪያቸው፣ ኮፒውን አንቺ ጋ አስቀሪ። እምቢ ካሉ አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ አቤቱታሽን ለእሱ አቅርቢ። ፍርድ ቤትም ክፍት ነው።