የአንባቢያን ጥያቄ፦ «የኮሮና ዋንጫ» ዋንጫ ነው ወይስ አይደለም?

ሰሞኑን የላካችሁት ጥያቄ ግማሹ ስለ ኮሮና ጊዜው የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ነው። አራቱን መርጫለሁ። ዓመቱና ወሩ በሙሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ) ነው። የ2020ን ዋንጫ ባነሳሁበት ቁጥር «እሱማ የኮሮና ዋንጫ ነው» ይለኛል። ምን ብዬ ዝም ላሰኘው?

መልስ፦ ዝም የሚል አይመስለኝም፣ ማንቼ ነዋ። ግን ቁጥሩን አሳየው። ሊጉ ማርች 13 ቀን ሲቋረጥ ሊቨርፑል 29 ጨዋታ አድርጎ 27 አሸንፏል፣ አንድ አቻ ወጥቷል፣ አንድ ተሸንፏል። 82 ነጥብ ነበረው፤ ሁለተኛው ማንቸስተር ሲቲ በ25 ነጥብ ይርቃል። ይህ ሁሉ የሆነው ስታዲየሙ ጢም ብሎ በሚሞላበት ጊዜ ነው እንጂ በባዶ ወንበር አይደለም። የቀረው ሁለት ጨዋታ ማሸነፍ ብቻ ነበር። ኮሮና ለሊቨርፑል የሰጠው ነገር ካለ እስቲ ይንገርህ! እንዲያውም ነጠቃቸው እንጂ። 30 ዓመት የጠበቁት ዋንጫ መጥቶ፣ ጁላይ 22 ቼልሲን 5ለ3 ካሸነፉ በኋላ ኮፕ በሚባለው የደጋፊዎች መቀመጫ ላይ መድረክ ተሠርቶ ሲነሳ፣ በዙሪያው የሚዘምር ደጋፊ አልነበረም። ሰውዬህ መከራከር ካማረው በፈረንሳይና በሆላንድ ይከራከር። ፈረንሳይ ሊጉን መሃል ላይ ዘግታ ዋንጫውን ለፒኤስጂ ሰጠች። ሆላንድ ደግሞ አያክስና ኤዜድ እኩል ነጥብ ላይ እያሉ ዘጋችና ለማንም አልሰጠችም። እንግሊዞቹ ግን የቀሩትን 92 ጨዋታዎች አንድም ሳያስቀሩ ተጫውተው ነው የጨረሱት።

ጥያቄ፦ አስቶን ቪላ ያኔ ከመውረድ የተረፈው በማሽን ስህተት ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው እውነት ነው። ሊጉ ከሦስት ወር በኋላ ጁን 17 ሲመለስ የመጀመሪያው ጨዋታ ቪላ ከሸፊልድ ዩናይትድ ነበር። ሸፊልዶች ቅጣት ምት አሻሙ፤ የቪላው በረኛ ኒላንድ ኳሱን ያዘ፣ ግን ወደ ኋላ ሲንገዳገድ ከነኳሱ መስመሩን አለፈ። ማንም ያየው ጎል ነው። ኳስ መስመር ሲያልፍ ማሽኑ ለዳኛው በእጅ ሰዓቱ ይነግረዋል፤ ዳኛው ማይክል ኦሊቨር ሰዓቱን ተመለከተ፣ ሰዓቱ ዝም። ለካ የማሽኑ ካሜራዎች በሙሉ በበረኛው፣ በተከላካዩና በቋሚው ተጋርደው ኖሯል። የማሽኑ ባለቤት ሆክ አይ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቫርም (በቪዲዮ የሚያየው ረዳት ዳኛም) ዝም አለ፤ ጨዋታው 0ለ0 አለቀ። አሁን ወደ መጨረሻው ሰንጠረዥ ሂዱ፦ ቪላ 35 ነጥብ፣ ቦርንማውዝ 34። ጎሉ ቢጸድቅ ኖሮ ሁለቱም 34 ይሆኑና በጎል ልዩነት ቪላ ወርዶ ቦርንማውዝ ይተርፍ ነበር። በእርግጥ ቦርንማውዝ ያችን አንድ ነጥብ የሚያገኝባቸው የራሱ 38 ጨዋታዎች ነበሩት፤ ስለዚህ ብዙም አላዘንኩለትም። የሚገርመኝ የቫሩ ክፍል ዝምታ ነው። ግምቴን ልናገር? ከጎሉ ጀርባ ሺህ ሰው ቆሞ ቢጮህ ኖሮ አንዱ መልሶ ያየው ነበር።

ጥያቄ፦ ደጋፊ አለመኖሩ በውጤቱ ላይ በእርግጥ ለውጥ አምጥቷል? ወይስ ወሬ ነው? ባለቤቴ «ኳስ ያው ኳስ ነው» ይለኛል።

መልስ፦ ባልሽ ተሸንፏል። አብዛኛው በዝግ ስታዲየም የተካሄደውን የ2020/21 ውድድር ውሰጂ። ከ380 ጨዋታዎች ባለሜዳው 144 ሲያሸንፍ እንግዳው 153 አሸነፈ፤ 83 አቻ። ድሮ በሜዳህ መጫወት ማለት ግማሽ ጎል ቀድሞ እንደመምራት ነበር፤ ያኔ ግን እንግዳ መሆን ተሻለ። ማንቸስተር ዩናይትድ ውድድሩን ሙሉ ከሜዳው ውጪ አንዴም አልተሸነፈም። (የመጀመሪያው ጠያቂ፣ አንተ ጆሮህን ድፈን።) ሊቨርፑል በሜዳው በአንፊልድ 68 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆይቶ፣ ጃንዋሪ 2021 በርንሌይ ሰበረው፤ ከዚያ ጨዋታ ጀምሮ እዚያው ሜዳው ላይ በተከታታይ ስድስት የሊግ ጨዋታ ተሸነፈ። እውነቱን ለመናገር ቫንዳይክን ጨምሮ ተከላካዮቹ ተጎድተውበት ስለነበር ሁሉንም በባዶ ወንበር ማሳበብ አይቻልም።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ የዳኞቹ ነገር ነው። በኋላ በተለያዩ ሊጎች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ደጋፊ ሲጠፋ ለእንግዳው ቡድን የሚመዘዘው ቢጫ ካርድ ቀነሰ። ዳኛም ሰው ነው፤ አንድ ተጫዋች ወድቆ አርባ ሺህ ሰው «ኡኡ» ሲል እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። በቴሌቪዥን የምንሰማው ጩኸት ከቪዲዮ ጌም የተቀዳ ነበር፤ እሱ ደግሞ ዳኛ አያስፈራራም።

ጥያቄ፦ በአንድ ጨዋታ አምስት ተጫዋች መቀየር የመጣው በኮሮና ነው አይደል? ታዲያ ለምን መሃል ላይ ሦስት ሆኖ ነበር?

መልስ፦ አዎ፣ ሜይ 2020 የተፈቀደው ለጊዜው ነበር፤ ተጫዋቹ ወራት ቤቱ ተቀምጦ ሲመለስ እንዳይጎዳ። ሌሎቹ ትልልቅ ሊጎች ቀጠሉበት፣ እንግሊዝ ግን በ2020/21 ወደ ሦስት ተመለሰች። ለውጥ ለማጽደቅ ከ20ው ክለብ 14 ድምፅ ያስፈልጋል፣ ትናንሾቹ ደግሞ እንቢ አሉ። የያኔው የሊቨርፑል አሰልጣኝ ክሎፕና የሲቲው ጋርዲዮላ ስንት ጊዜ ተነጫነጩ! ለትናንሾቹ ግን አልፈርድም፤ ሲቲ ከወንበር የሚያስነሳው ተጫዋች እነሱ ጋ ቢሄድ ኮከብ ነው። በመጨረሻ ከ2022/23 ጀምሮ አምስቱ ቋሚ ሆነ።