መልስ፦ ቀስ የሚል ታሪክ ለሚሰለቻት ታናሽሽ

እህቴ፣ ታናሽሽ ቶሎ ስለሚሰለቻት ፈጠን ያለ የቫምፓየር ተከታታይ ንገሩኝ ላልሽው፣ እኔ ሳላመነታ የሪሼል ሚድን ቫምፓየር አካዳሚ ነው ምልሽ። ከ2007 እስከ 2010 እ.ኤ.አ የወጡ 6 መፅሐፍት ናቸው፣ ሮዝና ሊሳ ሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ከትምህርት ቤት ጠፍተው ሲያዙ ነው ሚጀምረው በቃ ከዛ ወዲያ እረፍት የለም። ሁሉም ቫምፓየር ደሞ አንድ አይነት አይደለም፣ ሞሮይ ሚባሉት በህይወት ያሉ አስማት ያላቸው ናቸው፣ ስትሪጎይ ግን ጨካኝ ገዳዮች፣ ሮዝ ደሞ ግማሽ ሰው ግማሽ ቫምፓየር ሆና ሊሳን ለመጠበቅ ትሰለጥናለች፣ የሊሳ ስሜት ሁሉ እሷ ጋ ይሰማታል! ፍቅርም አለው ግን እኔን የያዘኝ የሁለቱ ጓደኝነት ነው። ከኮዬ ፈጬ ወደ መሀል ከተማ ባስ ውስጥ ነበር ማነበው፣ መንገዱ ሲዘጋጋ እንኳን አይታወቀኝም ነበር።

የ3ኛውን መጨረሻ አልነግርሽም፣ ብቻ 4ኛውን ቀድመሽ አዘጋጂላት። ደም አለው፣ ሮዝ ምትወደው አሰልጣኟም በ7 አመት ይበልጣታል፣ ስለዚህ 13 ምናምን ከሆነች መጀመሪያ አንቺ እይው። ከጨረሰችው ብለድላይንስ የሚባል ሌላ 6 መፅሐፍ ይቀጥላል።