«በጀልባ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊው ተከራዩ ነው» የሚል ወረቀት ልፈርም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ለገና ከዘመዶቼ ጋር ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር አንድ ቪላ ለሦስት ሌሊት ተከራይተናል። ልጆችን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰዎች ነን። የኪራዩን ግማሽ በቴሌብር ልኬያለሁ። ባለቤቱ ቤቱን ሲያስተዋውቅ ሁለት የፔዳል ጀልባና አንድ ሞተር ጀልባ «ከቤቱ ጋር በነጻ» ብሎን ነበር። አሁን ግን «በጀልባ ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ኃላፊው ተከራዩ ነው» የሚል ወረቀት ካልፈረምሽ ጀልባዎቹን አልሰጥም አለኝ። ብፈርም ምን ይመጣብኛል? ጉዞውን ብተወውስ ገንዘቤ ይመለስልኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመሄድዎ በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ወደ ጠበቃ የሚመጣው ከለቅሶ በኋላ ነውና።

ወረቀቱን እንዳለ አይፈርሙ። ሰውየው እንደሚያስበው ግን ሙሉ መከለያ አይሆነውም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን እንዲወስኑ ይፈቅዳል፤ ጥፋት የሠራ ሰው ግን አስቀድሞ ባስፈረመው ወረቀት ከጥፋቱ አያመልጥም። ጀልባው ውሃ እንደሚያስገባ እያወቀ ያስረከበ፣ ለአሥራ አንድ ሰው አራት ላይፍ ጃኬት ያቀረበ፣ ሞተሩን ለማያውቅ ጎረምሳ የሰጠ ባለቤት «ፈርመዋል» ብሎ ነጻ አይወጣም። በአንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል። ጀልባውን የሚነዳው ተቀጣሪው ከሆነም፣ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው እንደሚጠየቅ አንቀጽ 2130 ይደነግጋል።

ደግሞም ፊርማው የእርስዎ ብቻ ነው። በአንቀጽ 1952 ውል የሚያስረው የተዋዋሉትን ነው። እርስዎ ስለፈረሙ የወንድምዎ ሚስት መብቷን አታጣም። እኔን የሚያሳስበኝ የነገሩ ሌላ ወገን ነው፦ ወረቀቱ «ኃላፊው ተከራዩ ነው» ስለሚል፣ አንድ ዘመድ ቢጎዳ ባለቤቱ ጣቱን ወደ እርስዎ ይቀስራል። በቤተሰብ መካከል ክስ መነሳቱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጎዳ መናገር አያስፈልገኝም።

«በነጻ ነው» የሚለው ቃልም አያዘናጋዎ። ቤቱን የመረጣችሁት ጀልባ ስላለው ከሆነ፣ ጀልባው የኪራዩ አካል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ስለዚህ የቴሌግራም መልእክቱን፣ ማስታወቂያውንና የቴሌብር ደረሰኙን ሳያጠፉ ያስቀምጡ። በደላላ በኩል ከተገናኛችሁ ደላላው የተናገረውንም በጽሑፍ እንዲልክልዎ ይጠይቁት።

አሁን ወደ ሐይቁ እንምጣ፤ ሕጉ የሚያየው ጥንቃቄ ከቦታው ጠባይ ተነጥሎ አይታይምና። ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ያልፋል። እንደ ወንዝ ዳር ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ከዳሩ ብዙም ሳይርቁ እግር መሬት ያጣል። ስለዚህ «ዳር ዳሩን ብቻ ነው የምንቀዝፈው» የሚለው ማጽናኛ እዚያ አይሠራም። ላይፍ ጃኬት የሚለበሰው ከመሳፈር በፊት መሬት ላይ ነው፤ የልጆቹ ደግሞ በልጅ ልክ የተሠራ መሆን አለበት። ትልቅ ሰው የሚለብሰው ጃኬት ሕፃኑ ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ይህን የምለው ለሕይወታቸው ብዬ ነው፤ በሕግም ግን ትርጉም አለው። ጃኬት ቀርቦለት አልለብስም ያለ ሰው ቢጎዳ፣ ለጉዳቱ የራሱም ጥፋት ስላለበት በአንቀጽ 2098 ካሳው ይቀነሳል።

ለባለቤቱ እንዲህ ብለው ይመልሱለት፦ «እፈርማለሁ፤ ግን ወረቀቱን አብረን እንጻፈው።» በወረቀቱ ላይ የእያንዳንዱ ጀልባ የመጫን አቅም በሰው ቁጥር፣ የሚያስረክባቸው ጃኬቶች ብዛትና መጠን፣ ሞተር ጀልባውን የሚነዳው ሰው ማንነት ይስፈር። የእርስዎም ግዴታ ይጻፍ፦ ልጅ ያለ አዋቂ እንደማይሳፈር፣ መጠጥ የቀመሰ ሰው እንደማይነዳ፣ ሲመሽ ወይም ንፋስ ሲነሳ ጀልባ ከዳር እንደማይወጣ፣ በእናንተ ጥፋት ጀልባ ከተሰበረ እንደምትከፍሉ። ይህ ለእሱም ፍትሐዊ ነው። ስትረከቡ ጀልባዎቹንና ጃኬቶቹን ፎቶ አንሱ። የሞተር ጀልባውን ፈቃድ ይጠይቁ፤ የሀገር ውስጥ የውሃ ትራንስፖርትን የመቆጣጠር ሥልጣን ያለው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ሰውየው ፈቃድ ማሳየት ካልፈለገ በሞተሩ ባትሳፈሩ እመርጣለሁ። በፔዳሉም ቢሆን ልጆቹ ይደሰታሉ።

እግዚአብሔር አያድርገውና ሰው ቢሞት ነገሩ በካሳ አያበቃም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል፤ ሕይወትን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱ ከፍ ይላል። ይህን ለባለቤቱ በእርጋታ ቢነግሩት ጃኬት ፍለጋ ራሱ የሚሮጥ ይመስለኛል። ጉዳት ደርሶ ከውል ውጭ ባለ ኃላፊነት ካሳ መጠየቅ ቢያስፈልግ ደግሞ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ሁለት ዓመት መሆኑን አይርሱ። ክሱ ቢሾፍቱ ላይ ከቀረበ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ የአማርኛ ሰነዶችዎ ትርጉም ያስፈልጋቸዋል።

የገንዘብዎ ነገር የላኩት ክፍያ ምን ተብሎ እንደተላከ ላይ ይመሠረታል። «ቀብድ» ከተባላችሁና የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የኪራዩ ቅድመ ክፍያ ብቻ ከሆነ ግን ይህ ደንብ በቀጥታ አይሠራም። ባለቤቱ ጀልባ ቃል ገብቶ ሳለ አዲስ ቅድመ ሁኔታ አምጥቶ ከከለከለ፣ ቃሉን ያላከበረው እሱ ነው ብለው መከራከር ይችላሉ። ስለዚህ በስልክ «ትቼዋለሁ» አይበሉት። በመጀመሪያ በጽሑፍ «ጀልባዎቹን በነገርከን መሠረት፣ ከተሟላ ጃኬት ጋር ታስረክበናለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።