ሞያሌ በመኪና? ሄጄ ያየሁትን ልንገርሽ

እህቴ፣ «ከባለቤቴ ጋር በራሳችን መኪና ሞያሌ ወርደን፣ ኬንያን ረግጠን በአራት ቀን መመለስ እንችላለን ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ትችላላችሁ። ግን አራቱም ቀን በመንገድ ያልቅባችኋል፣ አንድ ቀን ጨምሩ። እኔና ወንድሜ በአምስት ቀን ነው ደርሰን የተመለስነው።

ሰፈሬ ቱሉ ዲምቱ ስለሆነ የክፍያ መንገዱ ደጄ ላይ ነው። ሞጆ ላይ ወደ ባቱ ታጠፍን፣ ሐዋሳን አልፈን ዲላ አደርን። ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ በዝግታ ንዱ። በ2016 ዩኔስኮ የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እሱ ነው፤ እንሰቱና ቡናው ከትልልቅ ዛፍ ሥር ተደባልቆ አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። ከቡሌ ሆራ በኋላ አገሩ ይደርቃል፣ ያቤሎ አካባቢ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቀይ ኩይሳ ግራና ቀኝ ቆሞ ታያላችሁ። ማታ በፍጹም እንዳትነዱ። ከመነሳታችሁ በፊትም በመስመሩ የሚሠሩ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የኬንያ ቪዛ አያስፈልግም። ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ሁለቱ አገሮች አብረው የሚያስተናግዱበት የጋራ ኬላ በ2013 ስለተመረቀ የሰው ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። የሚያቆየው የመኪናው ወረቀት ነው። ሊብሬው በአባታችን ስም ነበር፣ ውክልና አልያዝንም፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆምን። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሳችሁም ከድንበር ወዲያ አይሠራም፤ ወዲያ የሚሠራውን፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለውን ኢንሹራንስ አዲስ አበባ ሳላችሁ ከኢንሹራንስ ድርጅታችሁ አውጡ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። ቀጥ ባለው መንገድ ምንም አልከበደኝም፣ ከነዳጅ ማደያ ስወጣ ግን እጄ እንደለመደው ወደ ቀኝ ወሰደኝና አንድ የጭነት መኪና ፊት ለፊት መጣብኝ። ወንድሜ «ግራ! ግራ!» ብሎ ሲጮህ ነው የነቃሁት። እግሬ ለረጅም ሰዓት ተንቀጥቅጧል። ስለዚህ እባካችሁ የመጀመሪያውን ቀን መኪናዋን በእኛ በኩል አቁማችሁ በእግር ተሻገሩ። መንገዱን ቆማችሁ እዩት፣ ዓይናችሁ ይልመደው።

በእግር መሻገሩ ራሱ ደስ ይላል። ከተማዋ ወዲህም ወዲያም ሞያሌ ናት፣ ቦረናው ወዲህም ወዲያም ዘመድ ነው፣ ሰላምታው እንኳ አይለወጥም። ሻዩ ግን ይለያል፣ ከወተት ጋር አፍልተው ነው የሚሰጡሽ። ሻይ የምትሸጠዋን ልጅ በምልክት ስንት ሰዓት እንደምትዘጋ ጠየቅኳት። «ሳ ሞጃ» አለችኝ፣ በስዋሂሊ አንድ ሰዓት ማለት ነው። በፈረንጆቹ ሰባት መሆኑ ነው! እነሱም እንደኛ ከንጋትና ከምሽት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። እኔ ደግሞ ግራ እንዳልጋባ ብዬ ስልኬን ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይሬ ነበር የሄድኩት፤ እዚያው ቁጭ ብዬ መለስኩት።

የኮሜሳ ካርዱንና የመኪናውን ወረቀት ስትጨርሱ ጻፊልኝ፣ ዲላና ያቤሎ ያደርንባቸውን ቦታዎች እነግርሻለሁ።