ክሩ ይጎትታል፣ ሥራ ግን አይሠራም፦ ስለ ክብ እንቅስቃሴ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ክብ እንቅስቃሴ ናቸው። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፣ እሱ ከገባችሁ ሌላው ይቀላል። በፊዚክስ ሥራ የምንለው አንድ ኃይል ለሚንቀሳቀስ ነገር የሚሰጠውን ወይም የሚነጥቀውን ጉልበት ነው፣ የሚለካውም በጁል ነው።

ግማሽ ኪሎ ድንጋይ በ1 ሜትር ክር ታስሮ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ በሰከንድ 4 ሜትር ይዞራል። የክሩ ኃይል 8 ኒውተን መጣልኝ። የክቡ ዙሪያ 6.28 ሜትር ስለሆነ አባዝቼ ሥራው 50 ጁል ነው ብል መምህሩ ኤክስ አደረገብኝ። ለምን?

8 ኒውተኑ ትክክል ነው። ችግሩ ማባዛቱ ላይ ነው። ኃይልን በርቀት እንዲሁ የምናባዛው ኃይሉ በጉዞው አቅጣጫ ሲሆን ነው። ክሩ የሚጎትተው ወደ መሃል፣ ድንጋዩ ደግሞ በየቅጽበቱ የሚሄደው ከክሩ ጋር 90 ዲግሪ በሚሠራ አቅጣጫ ነው። ወደ መሃል አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልቀረበም። ስለዚህ የክሩ ሥራ ዜሮ ነው።

ካላመንክ መልስህን ራስህ ፈትነው፣ ተማሪ ሁሉ ይህን ቢለምድ እንዴት ደስ ባለኝ! የድንጋዩ የእንቅስቃሴ ጉልበት 4 ጁል ነው። ክሩ በአንድ ዙር 50 ጁል ቢጨምርለት ኖሮ 54 ጁል ይሆንና ድንጋዩ ማንም ሳይነካው በሰከንድ ወደ 15 ሜትር ገደማ ይፈጥን ነበር። እንዲህ የሚያደርግ ድንጋይ የለም። ታዲያ 8 ኒውተኑ ምን ፈየደ? አቅጣጫ ቀየረ። ፍጥነቱ ሳይጨምር አቅጣጫ መቀየር ብቻውን ኃይል ይጠይቃል።

ማሽላ ስንጠብቅ ወፍ የምናባርረው በወንጭፍ ነበር። ሥራው ዜሮ ከሆነ ክንዴ ለምን ይዝል ነበር?

ጎበዝ፣ ይህን መጠየቅሽ ትክክል ነው! ልዩነቱ እጅሽ መሃል ላይ ረግቶ አለመቀመጡ ነው። እጅሽም ትንሽ ክብ ይሠራል፣ ከድንጋዩም በጥቂቱ ይቀድማል። በዚህ ጊዜ ገመዱ ከድንጋዩ መንገድ ጋር ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ያንሳል፣ ድንጋዩንም በትንሹ ወደ ፊት ይስበዋል። ሥራ የሚሠራው ያ ወደ ፊት የሚስበው ድርሻ ነው፤ መጀመሪያ ድንጋዩን ያፈጥነዋል፣ በኋላ ደግሞ አየር የሚነጥቀውን ይተካል። በዚያ ላይ ጡንቻ ባልዲ ዝም ብሎ ይዞ ሲቆምም ጉልበት ያቃጥላል። ስትለቂው ድንጋዩ የሚሄደው በዚያች ቅጽበት ይጓዝበት በነበረው አቅጣጫ ነው፣ ከመሃል ወደ ውጭ አይደለም።

እና በክብ እንቅስቃሴ ሁሌም ሥራ ዜሮ ነው ብዬ ልሸምድድ?

አትሸምድጅ። ያንኑ ድንጋይ ከታች ወደ ላይ አዙሪው። ክሩ አሁንም ሥራ አይሠራም፣ ስበት ግን ይሠራል። ከታች እስከ ጫፍ 2 ሜትር ሲወጣ ስበት 9.8 ጁል ይቀንስበታል። በ4 ጁል የተነሳ ድንጋይ እላይ አይደርስም ማለት ነው። ክሩ ሳይላላ ዙሩን እንዲጨርስ ከታች ቢያንስ በሰከንድ 7 ሜትር መሄድ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው ኃይል እንደሆነ ለይ፣ ከዚያ ማዕዘኑን እይ።

ታክሲ ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚገፋኝ ኃይል ምንድን ነው?

ማንም አይገፋዎትም። ሰውነትዎ ቀጥ ብሎ መሄዱን ሲቀጥል መኪናው ይታጠፋል፣ ከዚያ በሩ ወደ ውስጥ ይገፋዎታል። መኪናውን የሚያጥፈው የጎማና የአስፋልት ሰበቃ ነው። ፍጥነቱ ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ሲል ያው ኩርባ 4 እጥፍ ኃይል ይፈልጋል፣ እርጥብ አስፋልት ደግሞ ያን ያህል ላይሰጥ ይችላል። ሾፌሩን ቀስ በል ለማለት እባክዎ አይፈሩ።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያለ ነዳጅ ይዞራል? ጨረቃስ?

ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ ይዞራል። ለመዞሩ ነዳጅ አያስፈልገውም፣ መንገዱ ክብ ሊባል ስለሚችል ስበት አቅጣጫውን ብቻ ይቀይራል። ነገር ግን እዚያም ስስ አየር አለ፣ እሱ ቀስ በቀስ ጉልበቱን ስለሚነጥቀው በየጊዜው በሞተር ከፍ ይደረጋል። የጨረቃ መንገድ ደግሞ ፍጹም ክብ አይደለም። ርቀቷ ከ363,000 እስከ 405,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይለዋወጣል። ስትቀርብ ስበት ያፈጥናታል፣ ስትርቅ ያዘገያታል፣ ዙሩን ስትጨርስ የሁለቱ ድምር ዜሮ ይሆናል።